የጥርስ ንጽሕናና የጕድጓድ ውኃ

ጥርስን ጧትና ማታ በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ማጽዳት፥ ጣፋጭ ማብዛትንም መተው ለሰው ሁሉ የተገባ ልማድ ነው። ነገር ግን በአዳማ፥ በወንጂ፥ በመተሐራና በሌሎቹም የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ካደጉት ሰዎች ብዙዎቹ፥ ዘወትር እየፋቁም ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ስንፍና ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም።

ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ወደ ጕድጓድ ውኃ የሚገባው ፍሎራይድ ነው። ጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ ግን፥ ገና በድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃን ጥርስ ያበላሻል፤ እጅግ ሲበዛና ዘመን ሲቈይም አጥንትን ያጐብጣል።

ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም። ስለዚህ ወላጆች፥ ይልቁንም ልጆቻቸው ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ፥ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናም ውኃ፥ ከወንዝ ተጣርቶ የመጣ የቧንቧ ውኃ፥ ወይም በከሰለ አጥንት ማጣሪያ ፍሎራይዱ የተቀነሰለትን ውኃ ሊያጠጧቸው ይገባል። ጕድጓዱን አስመርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ማስታወቅም የአስተዳዳሪዎች ተግባር ነው።

መፋቂያ የላዩን እድፍ ያነሣል፤ ከውስጥ የሚመጣውን ጉዳት ግን የሚከለክለው ደኅና ውኃ ነው።