ስለ አየር ኃይላችን የጎደለው መዝገብ

በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል በነበረው ቤተ መንግሥት ግቢ፣ መጻሕፍትንና መዛግብትን እየጠበቀ ለሚኖር ሰው፣ የአንድ ሕዝብ ኅሊና ምኑን እንደሚዘክርና ምኑን እንደሚዘነጋ ከአንባብያን ጥያቄ የበለጠ የሚገልጥለት የለም። ስለ ዐድዋ፣ ስለ ማይጨው፣ ስለ አርበኞች ተጋድሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሳይመጣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ቢመጣም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት አውሮፕላን ነበረን?» ብሎ ነው። የዚህን ሠራዊት ታሪክ ሲያሳንስ የኖረውም ይኸው መለኪያ ነው።

በቍጥር ከተመዘነማ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ስትወረን የነበሩን አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም ለውጊያ ያልተሠሩ ነበሩ። እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎቻችን ሆነው በተቈጠሩበት በዚያ ዘመን፣ በመቶ የሚቈጠሩ የጠላት አውሮፕላኖች ቦምብና መርዝ ሲያዘንቡ፣ ከአሜሪካ ለጥቁር ሕዝብ ክብር ተቈርቍሮ የመጣው ጆን ሮቢንሰን መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን መልእክት ወደ ግንባር ያመላልስ ነበር። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ የአገራችንን ወጣቶች ሲያስተምር ኖሮ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ዐረፈ።

በዚያው ጦርነት በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቍስለኞችን ለመርዳት የመጣው የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ በ1932 ዓ.ም. ፊንላንድ በሶቪየት ኅብረት ስትወረር በፈቃዱ ሄዶ የተዋጋ ሰው ነው፤ የፊንላንድም አየር ኃይል ጥቂት አውሮፕላኖች ይዞ የታላቁን መንግሥት ሠራዊት እንዴት እንደፈተነው ዓለም እስከ ዛሬ ይናገራል። ይህ ሰው ከነጻነት በኋላ ወደ ቢሾፍቱ መጥቶ፣ በሐረር ሜዳ የአዲሱን አየር ኃይል መሠረት ሲጥል፣ ከስዊድን ሳፊርና ሳብ 17 አውሮፕላኖች ይልቅ ያተረፈልን የሥልጠናውን ሥርዐት ነው ብዬ አምናለሁ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነቱ መካከል ሕይወቱን ማጣቱን የማያውቅ አንባቢ ብዙ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት በኮንጎ ሲዋጉ ኢትዮጵያ ከስዊድንና ከህንድ ጋር ተዋጊ ጄቶቿን፣ 4 ሴበሮችን፣ እንደላከች ብቻ ጠቅሼ ልለፍ። ዋናው ፈተና የመጣው በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ነው። ሶማሊያ ብዙ ሚግ 17ና ሚግ 21 ነበራት፤ በእኛ በኩል የተሰለፉት ኤፍ 5ዎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ነገር ግን በአሜሪካ የሠለጠኑት አብራሪዎቻችን፣ ከምድር ራዳር እየተመሩ፣ የጠላትን ሚጎች በአየር ላይ እየመቱ ጣሏቸው። የሰማዩ የበላይነት የተገኘውም፣ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ብትወድቅም እንኳ፣ የሶቪየት ታላቁ የመሣሪያ ጭነትና የኩባ ጦር ሙሉ በሙሉ ከመድረሳቸው በፊት ነው፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ለተገኘው የካራማራ ድልም መንገዱን የጠረገው ይኸው ነበር። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ብዙ ሚግ ከጣለ በኋላ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማርኮ፣ እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ወደ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ተቀመጠ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በድሬዳዋ ምድብ ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ወደ ንባብ ክፍላችን መጥተው፣ ከአንድ ኤፍ 5 ፊት የቆመ አብራሪ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ባቀረብሁላቸው ጊዜ፣ ጣታቸውን ያሳረፉት በአብራሪው ላይ ሳይሆን፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከጎማው አጠገብ በተንበረከከው ሰው ላይ ነበር። «ልጄ፣ አብራሪውንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ነዳጅ ሞልተን፣ ጥይት አጉርሰን፣ አውሮፕላኑን ሳይቀዘቅዝ መልሰን የምናስነሣው እኛ ነበርን» አሉኝ። ከፎቶግራፉ ሥር የተጻፈው የአብራሪው ስም ብቻ ነው። የተንበረከከውን ሰው ስም እየነገሩኝ በወረቀት ጽፌ ከሥዕሉ ጋር አያያዝሁት፤ እርሳቸው ባይመጡ ኖሮ ያ ሰው ለዘለዓለም ስም አልባ ሆኖ ይቀር ነበር። የራዳር ሠራተኛው፣ የመሣሪያ ክፍሉ ባለሙያ፣ የጎማና የሞተር ጠጋኙ፣ ያለ እነርሱ አንድ ኤፍ 5 ሁለተኛ ጊዜ የማይነሣ ሲሆን፣ በመዛግብታችን ከሞላ ጎደል የሉም፤ ይህንንም እንደ በደል እቈጥረዋለሁ።

ስለዚህ፣ አባቱ ወይም አያቱ በሐረር ሜዳ፣ በድሬዳዋ ወይም በአሥመራ ያገለገሉለት አንባቢ ሆይ፣ የበረራና የጥገና መዝገባቸውን፣ ደብዳቤያቸውን፣ ፎቶግራፋቸውን በሳጥን ውስጥ ለምስጥ አትተውባቸው፤ በሕይወት ካሉም ዛሬውኑ ጠይቃቸው። በፎቶግራፉ ጀርባ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፍበት፤ የምትጽፈውም በቀጭኑ፣ በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም ወደ ፊት ገጽ ይሰርጋልና።