ሥርዓቱ ምን ያስችላል? ለማንስ?

አፎርዳንስ ማለት አንድ ነገር ለአንድ ተጠቃሚ የሚከፍትለት የድርጊት ዕድል ነው። ሐሳቡን ያመነጨው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ጊብሰን ሲሆን፣ የተሟላ መልኩን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ እይታ ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ነው። በርጩማ ለአዋቂ መቀመጫ ነው፤ ቆሞ መሄድ ለሚለማመድ ሕፃን ደግሞ መያዣ። እንጨቱ ያው ነው፤ ፊቱ የቆመው ሰው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ጊብሰን ዕድሉን የሚፈልገው በዕቃው ብቻ ወይም በተጠቃሚው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ሐሳቡን ወደ ዕቃ ንድፍ ሲያመጣው ትኩረቱን ተጠቃሚው ወደሚያየው አዞረው። ዊልያም ጌቨር እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ዕድሉንና ዕድሉን የሚጠቁመውን ምልክት ለያይቶ አስቀመጠ። በዚህ አከፋፈል ያለ ግን የማይታይ ዕድል አለ፤ የሚታይ ግን የሌለ ዕድልም አለ። የኋለኛውን የቢሮ ሠራተኛ ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል፦ መላኪያው ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ደምቆ ይታያል፣ ኔትወርክ ግን የለም፤ ሲጫኑት ግማሽ ቀን የተሞላው ፎርም ይጠፋል።

ሐሳቡ ወደ ድርጅቶች የመረጃ ቴክኖሎጂ ጥናት በስፋት የገባው ከዚህ ዘግይቶ ነው። ሊን ማርከስና ማርክ ሲልቨር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለዩ፦ ቴክኖሎጂው እንደ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ለአንድ የተወሰነ የተጠቃሚ ቡድን ምን እንደሚያስችል፣ እንዲሁም ለዚያ ቡድን ምን መልእክት እንደሚያስተላልፍ። ከዚያ በፊት ክርክሩ በሁለት ጫፍ ላይ ነበር። አንዱ ወገን ውጤቱን ከማሽኑ ይጠብቃል፤ ሌላው ሁሉንም ለሰው ይሰጣል። የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሁለቱንም በየተራ ይናገራሉ። ሥርዓቱ ሲመረቅ «አሠራራችንን ያዘምናል» ይባላል፤ በዓመቱ ግምገማ የተባለው ሳይሆን ሲቀር ቃለ ጉባኤው ላይ «የአመለካከት ችግር» ወይም «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ይሰፍራል። ሁለቱም ንግግሮች የሚዘሉት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሥርዓት፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ሠራተኛ ትናንት ያልቻለውን ምን አስቻለው?

ጥያቄውን በአንድ ከተማ ላይ እንሞክረው። ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ መልካሳ ከታለፈ በኋላ ኢተያ ሳይደረስ የምትገኝ የአርሲ ዞን የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ በየወሩ ብዙ እጅ የሚነካው የመንግሥት የመረጃ ሥርዓት የጤናው ነው፤ አሠራሩም በአገሪቱ ሁሉ ተመሳሳይ ነው። በመደበኛው አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ጤና ኬላ አለው። በየኬላው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደባሉ፤ የየቤቱን መረጃም በቤተሰብ ማህደር ይይዛሉ። ቁጥሩ ከማህደርና ከመዝገብ ተለቅሞ፣ ተደምሮ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር ይወጣል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ጉዞ ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው። የሥርዓቱ ሥር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአፓርታይድ በኋላ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ዛሬ ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢትዮጵያን የ13 ወር አቆጣጠር መቀበሉን እንደ ቀላል ነገር ማየት ስሕተት ነው፤ ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ለዚህ አገር ሪፖርት ሠሪ በየዓመቱ አዲስ ራስ ምታት ይሆን ነበር።

ይህ ሥርዓት ለማን ምን ከፈተ? ለወረዳው የመረጃ ባለሙያ ድምር ከእጁ ወጣለት። ቀድሞ የየጤና ጣቢያውን ወረቀት ዘርግቶ በካልኩሌተር የሚደምረውን አሁን ኮምፒውተሩ ይደምርለታል። ለዞንና ለክልል ኃላፊ ደግሞ ስልክ ሳይደውል፣ ደብዳቤ ሳይጽፍ የትኛው ጤና ጣቢያ ሪፖርት እንዳላስገባ የማየት ዕድል መጣ። ወደ ታች ሲወረድ ግን ነገሩ ይሳሳል። ጤና ኬላ ላይ መዝገቡ እንዳለ ነው፣ ማህደሩ እንዳለ ነው፣ የቆጠራ ወረቀቱም እንዳለ ነው። ላይ ያለው የተገላገለውን ሥራ ታች ያለችው ሠራተኛ አልተገላገለችም። የአንዱ ዕድል በሌላው ድካም ላይ ቆሟል፤ «ሥርዓቱ ጥቅም ላይ ውሏል» የሚለው የግምገማ ዓረፍተ ነገር ይህን አያሳይም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ፤ ባለሙያው በየወሩ የሚጋፈጠውም እርሱን ነው። ሥርዓቱ ከሁሉ በላይ አቅልሎ የሚያሳየው ወቅታዊነትንና ሙሉነትን ነው፦ ሪፖርቱ በቀኑ ገባ ወይስ አልገባም፣ ባዶ ሣጥን አለ ወይስ የለም። በቀላሉ የሚታየው ነገር ቶሎ የሚጠየቅ ነገር ይሆናል። የወሩ ማብቂያ ሲቃረብ ከወረዳ የሚመጣው ስልክ «ላካችሁ?» ይላል፤ «ቁጥሩ ትክክል ነው?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይሰማም። ሁለተኛውን ጥያቄ ሶፍትዌሩ ሊመልሰው አይችልም። የሪፖርቱን ጥራት ለመፈተሽ ጤና ጣቢያዎች ኤልኪውኤኤስ የሚባል ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ከወሩ ሪፖርት 12 ቁጥሮች በዕጣ ይወጡና እያንዳንዱ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ይህ ሥራ ስክሪን ፊት አያልቅም፤ ከወንበር ተነስቶ ወደ እናቶች ክፍል፣ ወደ ክትባት ክፍል፣ ወደ ተመላላሽ ታካሚ ክፍል መሄድንና መዝገብ መግለጥን ይፈልጋል። ዲኤችአይኤስ ቱ የሁለት ሣጥን አለመጣጣምን ይይዛል፤ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈችን እናት ግን አያውቃትም። ሁለቱን የጥራት ዓይነቶች የሚቀላቅል ኃላፊ፣ የገባው ሪፖርት አንድም ቀይ ምልክት ስለሌለው ብቻ ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርማል።

ዳያን ስትሮንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ሁሉ ጥሩ መሣሪያ ይሰጣል። ያጠኑት የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ወደ አንድ የአሜሪካ የሕክምና ድርጅት ሲገባ ነበር፤ ያወጡት ፍሬ ነገር ግን ከቦታው ይሻገራል። ዕድል መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ዕድሉን በተግባር መፈጸም ሌላ። ዕድሎቹ ደግሞ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ መረጃውን መያዝ የሚለው መሠረታዊ ዕድል በሁሉም ሠራተኛ ዘንድ በአንድ ዓይነት ካልተፈጸመ፣ በእርሱ ላይ የቆሙት ማስተባበርና መከታተል የመሳሰሉት ዕድሎች ወረቀት ላይ ይቀራሉ። ፖል ሊዮናርዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያደረገው ክፍፍልም ከዚህ ይገጥማል። አንድ ሰው ለብቻው የሚፈጽመው ዕድል አለ፤ ሁሉም በተመሳሳይ መንገድ የሚፈጽሙት አለ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ቁራጭ አዋጥቶ በጋራ ብቻ የሚገኝም አለ። ጤና ጣቢያን ከጤና ጣቢያ ማወዳደር የሦስተኛው ዓይነት ነው። አንዱ ጤና ጣቢያ «አዲስ ታካሚ» ሲል የሚቆጥረውን ሌላው «ነባር» ብሎ ከቆጠረው፣ ሶፍትዌሩ የሚስለው ግራፍ ቢያምርም ንጽጽሩ የለም።

ሚኒስቴሩ በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የመረጃ አብዮት አጀንዳ በጤና ኬላ ደረጃ ያለውን ክፍተት ለመድፈን ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀው የታብሌት ሥርዓት ነው። ኮምኬር በሚባል ሶፍትዌር ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ያለ ኔትወርክ መዝግቦ በኋላ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ሐሳቡ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል፤ የቤተሰብ ማህደሩን ራሱን ወደ መሣሪያው ያስገባል፣ ክትትል ያለባትን እናት ቀን ያስታውሳል፤ ታች ላለችው ሠራተኛ የራሷ የሚባል ዕድል ይሰጣል። ዕድሉ የሚቆመው ግን ታብሌቱ ላይ ባልተጻፉ ነገሮች ላይ ነው፦ ባትሪ የሚሞላበት መብራት፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወረቀቱን «ተዪው» የሚል ደፋር ኃላፊ። ይህ የመጨረሻው ሳይመጣ ታብሌቱ ከመጣ ሥራው ሁለት ይሆናል። ማርከስና ሲልቨር የለዩትን መልእክትም ማየት ያስፈልጋል፤ ታብሌት ይዛ ደጅ የቆመች ሠራተኛ ለአንዱ ቤት የዘመነ አገልግሎት፣ ለሌላው ቤት የሚመዘግብ መንግሥት ሆና ትታያለች።

ሊዮናርዲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ቴክኖሎጂው ሲያግዳቸው ቴክኖሎጂውን፣ አዲስ ዕድል ሲያሳያቸው ደግሞ አሠራራቸውን እንደሚለውጡ አሳይቷል። ያጠናቸው የመኪና ግጭትን በኮምፒውተር አስመስለው የሚፈትሹ መሐንዲሶች ሶፍትዌሩን የሚቀይሩላቸው ሰዎች በዚያው ድርጅት ነበሯቸው። የወረዳ ባለሙያ ይህ የለውም፤ የፎርሙ ቅርጽ የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ እገዳው ሦስተኛ መንገድ ይወልዳል፣ ጎን ለጎን የሚሄድ መንገድ። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ይህ የጎን መንገድ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። የቆጠራ ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ይነሳና በግሩፕ ይላካል፤ ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ከፎቶው ላይ እያነበበ ያስገባል። ጄፍሪ ትሪምና ሊዮናርዲ እ.ኤ.አ. በ2012 ለድርጅት ማኅበራዊ ሚዲያ የዘረዘሯቸው አራት ዕድሎች፣ ማለትም መታየት፣ ተመልሶ መታረም፣ ተቀምጦ መቆየትና ሰውን ከሰው ማገናኘት፣ ሁሉም በዚህ ግሩፕ ውስጥ አሉ። ማን እንደላከ ሁሉም ያያል፤ ያልላከ ያፍራል። ጉድለቱም እዚያው ነው፤ የታካሚ ስም ያለበት ገጽ በስሕተት ከተነሳ በስንት ስልክ ላይ እንደሚቀር የሚቆጣጠር የለም።

በዚያው የአሰላ መንገድ ላይ ከጤና ውጭ ያለ አጭር ምሳሌ አለ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለአሽከርካሪ አንድ ተጨማሪ የመክፈያ መንገድ ነበር። በሐምሌ 2014 የታለመው የነዳጅ ድጎማ ሲመጣ ለሕዝብ ማመላለሻ ባለንብረት የድጎማ መግቢያ በር ሆነ። በ2015 የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ ይሁን ሲባል ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ከማደያ ወጣ። መተግበሪያው በመሠረቱ ያው ነው፤ ለተቆጣጣሪው የግብይት ዱካን የማየት ዕድል ሲሰጥ፣ ስልኩ ባትሪ የጨረሰ ሾፌርን ግን ከወረፋው ያስወጣል። ማደያው ላይ «ሲስተም የለም» በተባለ ቀን ኪስ ውስጥ ያለው ብር ምንም አያስችልም። ደንብ እንደ ሶፍትዌር ሁሉ ዕድልን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በንድፈ ሐሳቡ ላይ የሚነሳው ዋና ትችት መለጠጡ ነው። ሁሉም ነገር አፎርዳንስ ከተባለ ቃሉ ምንም አይለይም። ሳንድራ ኢቫንስና ተባባሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚህ መስፈርት አስቀምጠዋል፦ ዕድሉ የመሣሪያው ክፍል መሆን የለበትም፣ የድርጊቱ ውጤትም መሆን የለበትም፣ እንደ ተጠቃሚው መጠኑ የሚለያይ መሆን አለበት። በቴሌግራሙ ምሳሌ የስልኩ ካሜራ ክፍል ነው፤ ወረቀትን ባለበት ቀርጾ ወዲያው ማሳየት መቻል ዕድል ነው፤ በቀኑ የገባው ሪፖርት ውጤት ነው። ብዙ የአገር ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፎች ሦስቱን በአንድ መጠይቅ ያጠቃልሉና «ሥርዓቱ ጠቃሚ ነው» ለሚለው ከአንድ እስከ አምስት ያስመርጣሉ። እንዲህ ያለው መጠይቅ ስለ ስሜት ይናገራል፤ ማን ምን ማድረግ እንደቻለ አይናገርም።

ለዚህ ዓይነት ጥናት የሚሻለው አንድ ቁጥርን መከተል ነው። ለምሳሌ የአንድ ወር የኩፍኝ ክትባት ቁጥር ከጤና ኬላው መዝገብ ተነስቶ እስከ ዞን ድረስ ይታያል፤ በየማረፊያው ማን ነካው፣ በምን ላይ ጻፈው፣ በየትኛው ቋንቋ ተነጋገረበት፣ ከዚያ በኋላ ምን ወሰነበት የሚለው ይመዘገባል። የጤና ጣቢያው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን በወሩ ስብሰባ ያንን ቁጥር አንስቶ ለአንድ ቀበሌ የክትባት ዘመቻ ቀን ከቀየረ፣ በዚያ ደረጃ ዕድሉ ተፈጽሟል። ቁጥሩ ታይቶ፣ ተነቦ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዕድሉ እስካሁን የዞንና የክልል ብቻ ነው።