ለዕለት ውሏችንም ደብተር ይኑረን

ንፋስ መውጫ ውስጥ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ብትሉ ከባንኮኒው ኋላ የዱቤ ደብተር አታጡም። ማን ስንት ኪሎ ስኳር እንደወሰደ በየቀኑ ተጽፎበታል። ባለሱቁ የሰው ልጅ ረሺ መሆኑን ስለሚያውቅ «አእምሮዬ ይበቃኛል» አይልም። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ፣ ማለትም በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ዕዳን ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች አዞናል። ለጥቂት ብር ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ከብር ለሚበልጠው ለዕድሜያችንስ ደብተር አለን ወይ?

የዕለት ማስታወሻ የፈረንጅ ልማድ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በ471 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የባግዳዱ የሐንበሊ መዝሀብ ዓሊም አቡ ዐሊ ኢብኑል በንና በገዛ እጃቸው ከጻፉት የዕለት ማስታወሻ የ460 እና የ461 ዓመተ ሂጅራ ክፍል እስከ ዛሬ ደርሶናል። የከተማውን ወሬ፣ የሰዎችን ሞት፣ ሕልምን ሳይቀር አስፍረዋል። ማልኮም ኤክስም በ1964 እ.ኤ.አ. ሐጅ ሲያደርግና አፍሪካን ሲዞር ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ በዚያው ዓመት አገራችንንም ጎብኝቷል። በየካቲት 1965 ተገደለ። ደብተሩ ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሞ፣ እርሱን ላላየው ትውልድ በራሱ ቃል ተናገረ።

ለእኛ ጉዳዩ የቅርብ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። በዚያ ወቅት ግፍ የደረሰባቸውን የ16 ሴቶችን ቃል አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አውጥቷል። የቀረውስ? የትኛው ቤት በዚያ ሰሞን ምን በልቶ አደረ? የትኛው ጎረቤት ለየትኛው ደረሰ? ይህ ሁሉ ያለው በሰው ልብ ውስጥ ነው። ልብ ይረሳል፤ ባለቤቱም ይሞታል። የ1977ቱን ድርቅ ያዩ አዛውንቶቻችን ስንቱን ሳይነግሩን አለፉ!

መጻፍ ለጻፈውም ይጠቅማል። በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጄምስ ፔኔቤከርና ባልደረባው ተማሪዎች ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ለ4 ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጉ። ተማሪዎቹ እንደጻፉ ሐዘኑ ተቀሰቀሰባቸው፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ሐኪም ያዘወተሩት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ደብተር ሐኪምን ይተካል አንልም።

«ገመናን መጻፍ አላህ የሸፈነውን መግለጥ አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ የሸሸገለትን ኃጢአት ራሱ የሚያወራን ሰው አውግዘዋል። ስለሆነም ደብተራችን የኃጢአት ዝርዝርም የሐሜት ማኅደርም አይሁን። «ዛሬ ምላሴን አልጠበቅኩም፤ ነገ እጠነቀቃለሁ» ማለት ይበቃል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የመከሩትም ሒሳብ ከመጠየቃችን በፊት ራሳችንን እንድንተሳሰብ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክርቢቶና የተወሰነ ሰዓት ይበቃል። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ያለው ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ ይመቻል። ከላይ ቀኑን፣ ቢቻል በሂጅራም በኢትዮጵያም አቆጣጠር ጻፉ። ቀጥሎ ሦስት መስመር፦ ዛሬ ምን አየሁ? አላህን በምን አመሰግነዋለሁ? ነገ ምን ላስተካክል? ገበሬው ዝናቡ የገባበትን፣ ገብሱ የተዘራበትን ቀን ይጨምርበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብተሩ አማካሪው ይሆናል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አያት ባሉበት ቤት ደግሞ እርሳቸው ይናገሩ፤ ልጅ ጸሐፊ ይሁን።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሳይፈቅድ ደብተሩን አትክፈቱ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት የሰውን ምስጢር መሰለልን ከልክሏል፤ አንድ ጊዜ የተሰለለ ልጅም ሁለተኛ እውነቱን አይጽፍም። ፊደል ገደፈ ብላችሁም አትቆጡት፤ ቀዩ እስክርቢቶ ለትምህርት ቤት ይቆይ። ይልቅ ከጎኑ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ጻፉ። በመድረሳ ልጆች ሉሓቸውን ጽፈው፣ በቃላቸው ይዘው ያጥቡታል። ዕለታችንን ግን በቃል መያዝ አንችልምና ደብተሩ አይታጠብ።

በመጀመሪያው ቀን አሥር ገጽ ጽፎ በሁለተኛው ሳምንት መተው አይጠቅምም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ፣ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ተምረናል። ሦስት መስመር ለአንድ ዓመት ቢጻፍ ከአንድ ሺህ መስመር ይበልጣል። ዛሬ ማታ ቀኑን ጽፈን እንጀምር። አላህ (ሱ.ወ.) ዕድሜያቸውን ከሚያስተውሉት ያድርገን። አሚን።