28 ቀን የማይጠብቀው የአርማታ ምርመራ

በገጠር የእህል መጋዘን፣ ጤና ኬላ ወይም የመስኖ ውኃ መጥለፊያ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የፈሰሰው አርማታ ጠነከረ ወይስ አልጠነከረም? የሚለው ነው። አሸዋውን ያቀረበው፣ ውኃውን በአህያ ያመላለሰው ገበሬ ትክክለኛውን መልስ የሚያገኘው በ28ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ በላዩ ሌላ ስለሚገነባበት ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ማፍረሱ ከመሥራቱ ይከብዳል።

እንደሚታወቀው በአገራችን በሰፊው የሚሠራበት ፒ.ፒ.ሲ. ሲሚንቶ በከፊል ከፑሚስ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ቀላል ድንጋይ ይዘጋጃል። በዚህም በ1,450 ዲግሪ ገደማ የሚጋገረው ክሊንከር ይቀንሳል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ስለሚበን ክሊንከሩ ባነሰ መጠን ጋዙም ያንሳል። ይሁን እንጂ ፑሚሱ ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሆነ አርማታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደካማ መስሎ ይታያል። በደጋው ብርድ ደግሞ ይብሱን ይዘገያል።

ስሕተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ሲሚንቶ የተሠራ አርማታ በ7ኛው ቀን የ28ኛውን ቀን ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይይዛል። የሚፈለገው 25 ሜጋፓስካል ሆኖ ናሙናው በ7ኛው ቀን 14 ቢያሳይ፣ በ65 በመቶ ስሌት 28ኛው ቀን ላይ የሚደርሰው 21.5 ብቻ ነውና «ይፍረስ» ሊባል ይችላል። የዚያው ድብልቅ የቀድሞ መዝገብ የ7ኛው ቀን ድርሻ 55 በመቶ መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ ግን ውጤቱ 25.5 ገደማ ነው፤ ያልፋል። በተቃራኒው ደግሞ ውኃ የበዛበትን አርማታ «ፑሚስ ነው፣ ቆይቶ ይጠነክራል» እያለ የሚያስተላልፍ ተቋራጭ አይጠፋም። ሁለቱን የሚለየው ያው መዝገብ ስለሆነ፣ መሪዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዚያኑ ሲሚንቶ፣ የዚያኑ አሸዋና ጠጠር የ7ና የ28 ቀን ውጤት ጎን ለጎን መጠየቅ አለባቸው። ከሌላ ወረዳ የመጣ ቁጥር አይበቃም።

ከዚህም የፈጠነ ዘዴ አለ። ሕንድ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ መሠረት ናሙናው 23 ሰዓት በእርጥበት ከቆየ በኋላ በፈላ ውኃ ውስጥ 3 ሰዓት ተኩል ይቀቀላል፤ ከዚያም ቀዝቅዞ ይሰበራል። የ28ኛው ቀን ግምት በማግሥቱ ይታወቃል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ለየድብልቁ ቀድሞ የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ ከሌለው ዋጋ የለውም።

በቤተ ሙከራ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ናሙና የድብልቁን ጥራት እንጂ የምሰሶውን ሁኔታ አይናገርም። ካሳፎርማና ፑንቴሎ መቼ እንደሚነሣ ለመወሰን፣ ተጨማሪ ናሙናዎች ከሥራው አጠገብ ተቀምጠው እንደ ምሰሶው ፀሐይና ብርድ እየተፈራረቀባቸው፣ እኩል ውኃ እየጠጡ መቆየት ይኖርባቸዋል። ውኃውን በተመለከተ የሕንድ ደንብ ለተለመደው ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን ሲል፣ ማዕድን ለተቀላቀለበት ቢያንስ 10 ቀን ይላል። ስለዚህ የአህዮቹ ተራ ሲመደብ ከ7ኛው ቀን በኋላ ያሉት ቀናትም አብረው ይያዙ።