8 ኪሎ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

በዛሬው የጤና አምዳችን ስለ ሕፃናት ክብደት እንማማራለን።

ሁለት ወንድ ሕፃናት ጤና ኬላ ሄደው ተመዘኑ እንበል። ሁለቱም 8 ኪሎ ሆኑ። የትኛው ነው ደህና? ዕድሜያቸውን ሳንጠይቅ መመለስ አንችልም። አንደኛው 6 ወሩ ከሆነ ክብደቱ ጥሩ ነው። ሌላው ግን ዓመት ከመንፈቅ ከሆነው ቢያንስ 8.8 ኪሎ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ክብደቱ ከዕድሜው በታች ነው።

ፆታም ለውጥ አለው። 1 ዓመት ለሞላው ወንድ ዝቅተኛው መስመር 7.7 ኪሎ ነው፤ ለሴት ደግሞ 7 ኪሎ። 7.4 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከመስመሩ በላይ ናት፤ ወንድ ቢሆን ግን ከመስመሩ በታች ይሆናል።

ይህን መስመር ያወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። በጋና፣ በሕንድ፣ በኦማን፣ በብራዚል፣ በኖርዌይና በአሜሪካ በደንብ የሚመገቡ ሕፃናት ተጠንተው በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። የሕፃናቱ አስተዳደግ ተቀራራቢ ሆኖ ስለተገኘ መለኪያው ለከሚሴም ለባቲም ለኦስሎም አንድ ነው። በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 24ቱ ክብደታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነበር።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ብዙ ጊዜ የልጅ ዕድሜ ሲጠየቅ "ለአረፋ ነው የተወለደው"፣ "ማሽላ ሲታጨድ ነው" ይባላል። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። ያ 8 ኪሎ የሆነው የዓመት ከመንፈቅ ልጅ በግምት "ዓመቱ ነው" ቢባል ደህና ይመስላል፤ ምክንያቱም ከ7.7 ኪሎ ይበልጣል። ሚዛኑ ልክ ሆኖ ሳለ ዕድሜው ስለተሳሳተ ብቻ ልጁ እርዳታ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ?

1ኛ. ቤታችን ሕፃን ሲወለድ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምህረቱን ደብተር ላይ እንጻፍ። መጻፍ ተምረን የለ!

2ኛ. በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄደው ልደቱን እንዲያስመዘግቡ ለወላጆቻችን እንንገር።

3ኛ. እናቶቻችን ሕፃኑን ለማስመዘን ሲሄዱ ካርዱን እንዳይረሱ እናስታውሳቸው።

4ኛ. የቀጨጨ ልጅ ስናይ ስም አናውጣለት፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገር።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የጤና አምድ