ኤንትሬ እና ትራከር

የጣሊያን መኪና ጉልበት ሲነሳ ብዙ ሰው ፌራሪን ያስባል፤ በነቀምትና በጊምቢ አድርጎ አሶሳ በሚገባው መንገድ ግን ጉልበት ማለት ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረው ፊያት 682፣ ኋላ አገሩ ሁሉ «ኤንትሬ» ያለው፣ 10.7 ሊትር ገደማ በሆነው ሞተሩ ወደ 180 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። በ2004 የመጣው ኢቬኮ ትራከር በ12.9 ሊትር ሞተር ከ400 በላይ ይሰጣል። የሞተሩ መጠን ያደገው በአንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ቀሪው የተርቦና የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ ቁጥጥር ሥራ ነው። «አሮጌው በመፍቻ ይጠገናል» የሚለው ሙግት ቀላል አይደለም፤ በዚሁ መንገድ ባምባሲ ደጅ የቆመ የአዲሱ መኪና ኮምፒውተር በመዶሻ አይነቃም። ቢሆንም ትራከርን የመኪና መገጣጠሚያው አምቼ እዚሁ አዲስ አበባ ገጣጥሞታልና ለአገሩ ባዕድ አይደለም፤ ከዴዴሳ ሸለቆ ጭነት ይዞ ሲወጣም እጥፍ ጉልበት ያለው ይቀድማል።