የምግብ መመረዝና መንገደኛው ነጋዴ

ነጋዴ ከቤቱ ሲነሣ የገንዘቡን ሒሳብ፥ የዕቃውን ዝርዝርና የመኪናውን ኪራይ አስቀድሞ ያሰላል። በመንገድ ላይ የሚበላውንና የሚጠጣውን ግን ብዙውን ጊዜ ለአጋጣሚ ይተወዋል። በቆላ አገር የሚዘዋወር ሰው በአንድ የተበላሸ ምሳ ምክንያት ሦስትና አራት ቀን ሲተኛ፥ የገዛው ከብት ጠባቂ ያጣል፤ አትክልቱ ይጠወልጋል፤ የተዋዋለበትም ቀን ያልፋል። ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። ትውከቱና ተቅማጡ የበረታበት እንደሆነ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የምግብን መመረዝ ምልክት ማወቅና በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ምን መደረግ እንደሚገባው መረዳት፥ ለንግድ ሥራ እንደ ሚዛንና እንደ ደረሰኝ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ነጋዴ ከረዳቱና ከሾፌሩ ጋር ሆኖ፥ በድሬዳዋ ገጠር ወደምትገኘው ወደ ቢዮ አዋሌ ፍየል ሊገዛ ሄደ እንበል። ነጋዴው ከቤቱ ሩዝ በሥጋ አስቋጥሮ ይዟል፤ ምግቡም የተሠራው በዋዜማው ከምሽቱ በ3 ሰዓት ነው። በማግሥቱ ከቀኑ በ7 ሰዓት ነጋዴውና ረዳቱ ይህንኑ ሲበሉ፥ ሾፌሩ ዳቦና ሻይ ብቻ ቀመሰ። በ10 ሰዓት ላይ ሁለቱ ያስታውኩ ጀመር፤ ሾፌሩ ግን ደህና ነው። ነጋዴው ምች መታኝ ይላል፤ ረዳቱ ደግሞ ያጠማኝ የቀዳነው ውኃ ነው ብሎ ይጠረጥራል።

ነገር ግን ሒሳቡ በሚገባ ቢሠራ ተጠያቂው ወዲያው ይገኛል። ከውኃው ሦስቱም ጠጥተዋል፤ ፀሐዩም ሦስቱንም መትቷል። ከሩዙ የበሉት ሁለቱ ታመሙ፤ ያልበላው ዳነ። ምግቡ ያለ ማቀዝቀዣ 16 ሰዓት ቆይቷል፤ ሕመሙም ከተበላ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ መጣ። እንግዲህ የምግብን መመረዝ ለመለየት የሚረዱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ማን በላ፥ ማን አልበላም፤ ምግቡ ከተሠራ ስንት ሰዓት ሆነው፤ ከተበላስ በኋላ ሕመሙ በስንተኛው ሰዓት ጀመረ።

ምግብ የሚመረዝበት ምክንያት

ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን፥ ማለት ጀርሞች ናቸው። እነዚህ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ውስጥ ይራባሉ። የተመቻቸው እንደሆነ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ይህ ወለድ በወለድ ላይ እንደሚጨመርበት ብድር ነው። አንድ ጀርም በአንድ ሰዓት 8፥ በሁለት ሰዓት 64፥ በስድስት ሰዓት ደግሞ 262,144 ይሆናል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋና በዙሪያዋ ባለው ቆላ፥ በተለይም በግንቦትና በሰኔ፥ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ32 ዲግሪ ያልፋል። የጤና ሊቃውንት የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ሲመክሩ፥ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲበልጥ ግን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ለደጋ አገር ቤት የሚበቃው ልማድ ለቆላ መንገድ አይበቃም።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፥ ምግቡ ካልሸተተና ካልኮመጠጠ ደህና ነው ማለት ነው። ሰውን የሚያሳምመው ምግብ ብዙ ጊዜ መልኩም፥ ሽታውም፥ ጣዕሙም ያልተለወጠ ነው። ሁለተኛው፥ ያደረውን ምግብ ደግሞ ማሞቅ ሁሉን ያድናል ማለት ነው። እሳት ጀርሙን ሊገድል ይችላል፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ጀርሞች አስቀድመው በምግቡ ውስጥ የተዉትን መርዝ አያጠፋውም።

ሰዓቱን ስለ መቁጠር

ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት የበሽታውን ዓይነት ለመገመት ይረዳል።

ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገተኛ ትውከት የመጣ እንደሆነ፥ አስቀድሞ በምግቡ ውስጥ የተፈጠረ መርዝ ይጠረጠራል። ይህም ወይ ቁስል ካለበት ከወጥ ሠሪ እጅ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ጀርም፥ ወይም በተቀመጠ ሩዝ ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሬየስ የሚያመጣው ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል። በምሳሌያችን የተጠቀሱት ሁለት ሰዎች የሚመደቡት ከዚህ ነው።

ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ መጥቶ ትውከትና ትኩሳት ከሌለ፥ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ በቀስ የቀዘቀዘ የሥጋ ወጥ ይጠረጠራል። በሠርግና በንግሥ በዓል ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታመመው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር ሲመጣ ሳልሞኔላ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በደንብ ካልበሰለ ዶሮ፥ ዕንቁላልና ሥጋ፥ ወይም ካልፈላ ወተት ይገኛል። በ1 ቀንና በ3 ቀን መካከል የሚጀምረው የተለመደው የመንገደኛ ተቅማጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በውኃ፥ በበረዶ፥ በጭማቂና ባልበሰለ ሰላጣ የሚተላለፍ ነው።

ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ነጋዴዎች ስለ ዓሣ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። እንደ ቱና ያለ ዓሣ ከተጠመደ በኋላ በቅዝቃዜ ካልተያዘ፥ በተበላ በጥቂት ደቂቃ ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ፊት ያቀላል፥ ራስ ያሳምማል፥ ገላ ያሳክካል። ይህን መርዝ መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቦቱሊዝም የሚባለው ነው። እምብዛም አይገኝም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል፥ ሽፋሽፍትን ይጥላል፥ መዋጥና መናገርን ያስቸግራል፥ በመጨረሻም ትንፋሽን ያቆማል። ምንጩ በሚገባ ሳይዘጋጅ የታሸገ ምግብ ሊሆን ስለሚችል፥ ባለሱቅ ያበጠ ወይም የሚያፈስ ቆርቆሮ ሲያገኝ ዋጋ ቀንሶ መሸጥ ሳይሆን ማስወገድ ይገባዋል።

ከምግብ መመረዝ ጋር የሚመሳሰሉ በሽታዎች

በቆላ አገር ትውከት ሁሉ ከምግብ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ወባም በትኩሳት፥ በራስ ምታትና በትውከት ይጀምራል። ድሬዳዋ በ2006 ዓ. ም. የደንጊን፥ በ2011 ዓ. ም. መጨረሻ ደግሞ የቺኩንጉኒያን ወረርሽኝ አይታለች፤ ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ የትኩሳት በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያለበት መንገደኛ ጉዳዩን በምግብ ብቻ ሳያሳብብ ደሙን ማስመርመር አለበት።

የሩዝ እጥበት የሚመስል ብዙ ውኃማ ተቅማጥ ያለማቋረጥ ሲወርድ ግን ኮሌራ ይጠረጠራል። በነሐሴ 2014 ዓ. ም. በባሌ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ብዙ የአገራችን ክፍሎች መዛመቱ አይዘነጋም። ይህ በሽታ ጤነኛውን ሰው በሰዓቶች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፥ በሽተኛውን እያጠጡ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው

በአብዛኛው የምግብ መመረዝ ሰውን የሚገድለው ከሰውነት የሚወጣው ውኃና ጨው ሳይተካ ሲቀር ነው። እንግዲያው ዋናው መድኃኒት የወጣውን መተካት ነው። በ1971 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ በባንግላዴሽ ጦርነት ወደ ሕንድ በሸሹት ስደተኞች ላይ ኮሌራ ሲገባ፥ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉት ሐኪም ስኳርና ጨው በውኃ ተበጥብጦ ለበሽተኞች እንዲሰጥ አደረጉ። በዚያ ሠፈር ከ100 በሽተኞች 30 ያህል ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ያህል ወረደ።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተብሎ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ፓኬት የተሠራው ለዚሁ ነው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፥ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፥ ይበጠበጣል። ፓኬት የታጣ እንደሆነ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ማዋሐድ ይቻላል። ጨውን ከልኩ ማብዛት ጉዳት ስላለው በግምት አይጨመርም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

አዋቂ ሰው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ይጠጣ። ያስታወከ እንደሆነ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በማንኪያ በማንኪያ እንደገና ይጀምር። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ስለሚበዛ ይህን አይተካም፤ አረቄም ሆነ ፌጦ የወጣውን ውኃ አይመልስም። ምግብ ሲያስችለው ቀለል ያለ ነገር ይብላ እንጂ ሆዱን ለማድረቅ ብሎ አይጹም።

ብዙ መንገደኞች ሕመሙ ገና ሲጀምር ከሱቅ ወይም ከጓደኛ ኪስ ካፕሱል ተቀብለው ይውጣሉ። ይህ ልማድ አይበጅም። አስቀድሞ የተፈጠረውን መርዝ ካፕሱል አያጠፋውም። ተቅማጥ የሚያቆመውም ክኒን ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ባለበት ጊዜ ሲወሰድ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ወደ ሐኪም የሚኬድበት ጊዜ

ቀጥሎ ከተዘረዘሩት አንዱ የታየበት ሰው ጉዞውን አቋርጦ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ፥ ከባድም ከሆነ በድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል መሄድ አለበት። ይኸውም፦ ተቅማጡ ደም የቀላቀለ ሲሆን፤ ከ39 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳት ሲኖር፤ የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልሰው፤ ስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ሳይሸና ሲቀር ወይም ዓይኑ ሲጐደጉድ፤ ሲቆም ሲያዞረውና አእምሮው ሲደናገር፤ እይታው ሲደበላለቅ፤ እንዲሁም ተቅማጡ ከ3 ቀን ሲያልፍ ነው። ሕፃናት፥ ነፍሰ ጡሮችና ሽማግሌዎች ይህ ሁሉ እስኪሆን መቆየት የለባቸውም። ሐኪሙም ዘንድ ሲቀርቡ የተበላውን ምግብና ሰዓቱን መንገር ምርመራውን ያፋጥናል።

ስለ ጭነትና ስለ ማከማቻ

ምግብን የሚመርዘው ጀርም ብቻ አይደለም። በ1967 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ በኳታርና በሳዑዲ ዓረቢያ ዳቦ የበሉ ሰዎች ራሳቸውን እየሳቱ ይንፈራገጡ ጀመር። 874 ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ 26ቱ ሞቱ። ሲመረመር፥ ዱቄቱ በመርከብ ሲመጣ ኤንድሪን ከሚባል የተባይ መድኃኒት ጋር በአንድ ክፍል ተጭኖ ነበር፤ መድኃኒቱም ከላይ ተቀምጦ በጆንያው ላይ ፈስሶበታል። ዱቄቱን የገዛው ባለዳቦ ቤት ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ሊያውቅና ሊከለክል ይችል የነበረው የጫነው ሰው ነው።

ስለዚህ አስመጪም ሆነ ባለሱቅ የእህልንና የዱቄትን ጆንያ ከተባይ መድኃኒት፥ ከማዳበሪያና ከነዳጅ ጋር በአንድ መኪና ወይም በአንድ መጋዘን ውስጥ ማቀላቀል አይገባውም። የመድኃኒት ጄሪካንም ቢታጠብ ለውኃና ለዘይት መያዣ አይሆንም። ሰው ከበላ በኋላ ምራቁና ላቡ በዝቶ የዓይኑ ብሌን የጠበበ ወይም የተንፈራገጠ እንደሆነ ይህ መርዝ ይጠረጠራል፤ እንዲያስታውክ ሳያስገድዱ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም በሕዝብ ጤና ላይ ጉዳት የሚያመጣ ምግብ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል።

ለጉዞ የሚደረግ ዝግጅት

ዝግጅቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሁለት ወይም ሦስት የሕይወት አድን ፓኬት፥ ሳሙና፥ የሻይ ማንኪያና የፈላ ውኃ የያዘ ንጹሕ ዕቃ ይበቃል። ውኃ ከፈላ በኋላ ለ1 ደቂቃ ሲንተከተክ ጀርሞቹ ይሞታሉ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ግን ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ማፍላት ባይቻል፥ ለውኃ ማከሚያ የተዘጋጀውን ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መቆየት ነው።

በምግብ ቤት፥ እየፈላ ከድስቱ የሚወጣውን ወጥና በዓይኑ ፊት የሚጠበሰውን ሳምቡሳ መምረጥ፥ ከጧት ጀምሮ በመስታወት ውስጥ ከተደረደረው ይልቅ ይሻላል። ፍሬ ራሱ ልጦ ይብላ። የግመልም ሆነ የላም ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ ጥሬ ወተት ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣውን ብሩሴሎሲስን ያስተላልፋልና። ከቤት ስንቅ መያዝ ካስፈለገም ሩዝና ሥጋ ከማሳደር ይልቅ ደረቅ ቂጣ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይመረጣል፤ አባቶቻችን ለረዥም መንገድ እነዚህን የያዙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቢዮ በሶማልኛ ውኃ ማለት ነው። ወደ ቢዮ አዋሌም ሆነ ወደ ሌላ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ በቦርሳው ውስጥ ከውሉና ከደረሰኙ አጠገብ አንድ የሕይወት አድን ፓኬትና አንድ ጠርሙስ የፈላ ውኃ ቢጨምር፥ የመመረዝ አደጋ ቢደርስበትም እንኳ የሚተካውን ይዞ ተነሥቷል ማለት ነው። ሰዓቱን የቆጠረና የጐደለውን ውኃ በጊዜው የተካ መንገደኛ፥ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ወደ ሥራው ይመለሳል።